እንግዳ ድምፅ የገባበትን አልበም እንዴት እንስማው?

መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ስልኬ በራሱ ጊዜ ወደ ሌላ ዘፋኝ የተሻገረ መስሎኝ ነበር። ጊታሩ እየተቆራረጠ ይሄዳል። ድራሙ ይጣደፋል። የባንዱ ዘፋኝ ማት በርኒንገር በዚያ በለመድኩት ጎርናና ድምፁ እያጉረመረመ ይዘፍናል። ዘፈኑ ከተጋመሰ በኋላ ግን ቫዮሊኖቹ ሰፋ ብለው ገቡና አንዲት ሴት ማዜም ጀመረች። ድምጿ ሙሉ ነው፣ የተረጋጋ ነው፣ አይቸኩልም። ስክሪኑን አየሁት። ዘፈኑ ያው ነው። ባንዱም ያው። የእሷ ስም ግን ከዘፈኑ ርዕስ አጠገብ አልተጻፈም።

ሴትየዋ ጌይል አን ዶርሲ ናት። ባንዱ ዘ ናሽናል። አልበሙ ደግሞ ሜይ 17 ቀን 2019 የወጣው «አይ አም ኢዚ ቱ ፋይንድ» ነው፤ «እኔን ማግኘት ቀላል ነው» እንደ ማለት። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ይህን አልበም የመረጥኩት አንድ ነገር ለማስረዳት ስለሚመቸኝ ነው። ተጋባዥ ድምፃውያን ያሉበት አልበም በወጣ ቁጥር ሁላችንም ቀድመን የምንጠይቀው «ፊቸሪንግ ማን ማን አለበት?» ብለን ነው። ስም እንቆጥራለን። ታዋቂ ስም ካለበት እንደሰታለን፣ ከሌለበት እናልፈዋለን። ስለ አልበሙ የሚጻፈውም አስተያየት ብዙ ጊዜ ከዚህ አያልፍም። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ። እንግዳው ከገባ በኋላ ዘፈኑ ምን ሆነ? ከመግባቱ በፊት ያልነበረው፣ አሁን ያለው ነገር ምንድን ነው? አልበሙን የምመዝነው በዚህ ነው።

በመጀመሪያ «ኢንዲ ሮክ» የሚለውን እናጥራ። ቃሉ የመጣው «ኢንዲፔንደንት» ከሚለው ነው፤ በሌላው ሥር ያላደረ ማለት ነው። መነሻው የድምፅ ዓይነት ሳይሆን የአሠራር ጉዳይ ነበር። የዓለምን የሙዚቃ ገበያ አብዛኛውን ክፍል የያዙት ዩኒቨርሳል፣ ሶኒ እና ዋርነር ናቸው። ከእነዚህ ኩባንያዎች ውጪ፣ በአነስተኛ ሌብል፣ ማለትም በሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት፣ ሥራውን የሚያወጣ ባንድ ኢንዲ ይባል ነበር። እየቆየ ቃሉ የሙዚቃ ቀለምም ሆነ። ጊታር የሚመራው፣ ለሬዲዮ ተብሎ ያልተለሰለሰ፣ ግጥሙ ወደ ውስጥ የሚያይ ሮክ ሲሰማ «ይሄ ኢንዲ ነው» ይባላል። ዘ ናሽናል በሁለቱም ትርጉም ኢንዲ ነው።

ሌብሉ ፎር ኤ ዲ ይባላል። በ1980 እንግሊዝ አገር፣ ለንደን ውስጥ የተመሠረተ ነው። እንግዳ ድምፅ በመጋበዝ ረገድ የራሱ ታሪክ አለው። ከመሥራቾቹ አንዱ አይቮ ዋትስ ረስል በ1980ዎቹ «ዚስ ሞርታል ኮይል» የሚባል ስብስብ አቋቋመ። ስብስቡ ቋሚ ዘፋኝ አልነበረውም። ዘፈኑ ቀድሞ ይመረጣል፤ ከዚያ ለዚህ ዘፈን የሚሆነው የማን ድምፅ ነው ተብሎ ሰው ይጠራል። በ1983 የኮክቶ ትዊንስ ባንድ ዘፋኝ ኤሊዛቤት ፍሬዘር ተጠርታ የቲም በክሊን «ሶንግ ቱ ዘ ሳይረን» ዘፈነች። ከድምጿ ሌላ ጎልቶ የሚሰማ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ወንድ የዘፈነው ዘፈን በሴት ድምፅ እንደገና ተወለደ። ዛሬ ያን ዘፈን በእሷ ድምፅ ብቻ የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው።

እዚያ የሠራው አካሄድ ቀላል ነበር። መጀመሪያ ዘፈኑ፣ ከዚያ ድምፁ፣ ስሙ መጨረሻ ላይ።

ወደ ዘ ናሽናል ልመለስ። ባንዱ የተመሠረተው በ1999 ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ነው። አምስቱም የኦሃዮዋ ከተማ የሲንሲናቲ ልጆች ናቸው። ማት በርኒንገር ይዘፍናል፣ ግጥም ይጽፋል። መንትዮቹ አሮን እና ብራይስ ዴስነር ጊታሩን፣ ፒያኖውን እና ቅንብሩን ይዘዋል። ሌሎቹ ወንድማማቾች ስኮት እና ብራያን ዴቨንዶርፍ ቤዝና ድራም ይጫወታሉ። ከዚህ አልበም በፊት የነበረው ሥራቸው፣ የ2017ቱ «ስሊፕ ዌል ቢስት»፣ በምርጥ አልተርኔቲቭ አልበም ዘርፍ ግራሚ አሸንፏል። ስለዚህ ማይኩን ለሌሎች የሰጡት ቸግሯቸው አይደለም። የማት ባሪቶን ድምፅ የባንዱ መታወቂያ ነበር። ባሪቶን ማለት ከወንድ ድምፆች መካከለኛው ነው፤ የእሱ ግን ወደ ወፍራሙ ያደላል። እንዲያውም አንዳንዴ ከመዝፈን ይልቅ ለራሱ የሚያወራ ይመስላል።

ታዲያ ይህን መታወቂያ ለምን ለሌሎች አካፈሉት?

መነሻው ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ማይክ ሚልስ ከ«ስሊፕ ዌል ቢስት» በኋላ አብረን እንሥራ ብሎ ለማት ጻፈለት። ባንዱ ያላለቁ ዘፈኖች ሰጠው። እሱም ሃያ ደቂቃ አለፍ የሚል ባለ ጥቁርና ነጭ አጭር ፊልም ሠራ። ተዋናይቷ አሊሺያ ቪካንደር አንዲትን ሴት ከልደቷ እስከ ሞቷ ድረስ ትጫወታለች። ሜካፕ የለም፣ ፊቷን የሚያስረጅ ነገር የለም። ሕፃኗም አሮጊቷም ያው የቪካንደር ፊት ናቸው። ፊልሙ አንዲትን ሴት መሃል ላይ ካስቀመጠ ሙዚቃውስ ለምን በአንድ ወንድ ድምፅ ብቻ ይታሰራል? ሚልስ በአልበሙም ላይ እጁን አስገባ፤ ፕሮዲውሰር ተብሎ ስሙ ሰፍሯል። የሙዚቃ ሰው ያልሆነ ሰው በሙዚቃ ፕሮዲውሰርነት ሲሰፍር ብዙም አናይም።

ለእኔ ግን ከፊልሙ የሚበልጥ ምክንያት አለ። ካሪን ቤሰር የማት ሚስት ናት፤ ቀድሞ «ኒው ዮርከር» መጽሔት ላይ የልብ ወለድ አርታኢ ነበረች። ለባንዱ ግጥም ስትጽፍ ዓመታት አልፈዋል። ይህን ልብ በሉልኝ። የአንዲት ሴት ቃላት ለዓመታት በባሏ አፍ ሲወጡ ኖረዋል። ሰሚው የወንድ ብሶት መስሎት ሲያዝንላቸው የነበሩ ስንኞች ውስጥ የእሷም እጅ ነበረበት። በ2019 ያመጧቸው ሴቶች የእሷን ቃላት በሴት ድምፅ አሰሟቸው። እኔ እነዚህን ድምፃውያን እንግዳ ለማለት የሚከብደኝ ለዚህ ነው። ሲጠበቁ የኖሩ ያህል ነው የሚሰማኝ።

አሁን ወደ ድምፁ እንግባ። ሁለተኛ ድምፅ አንድ ዘፈን ውስጥ ምን ሊሠራ ይችላል?

አንደኛው ያንኑ ዜማ አብሮ ማለት ነው። ሴቷ የወንዱን ዜማ ትይዛለች፣ ግን አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጋ። ኦክታቭ ማለት ከአንዱ «ዶ» ተነስታችሁ እስከሚቀጥለው «ዶ» ያለው ርቀት ነው። ኖታው ያው ነው፣ ከፍታው ይለያል። ሁለት ሰው እንዲህ ሲዘፍን ክርክር የለም፤ አንድ ሐሳብ በሁለት ሰው ውስጥ ያለ ይመስላል። የአልበሙን ስም የያዘውን ዘፈን ስሙት። ማት እና ኬት ስቴብልስ ጎን ለጎን እየሄዱ ነው የሚዘፍኑት። ኬት «ዚስ ኢዝ ዘ ኪት» የሚባለው ባንድ መሪ ናት። ድምጿ ደረቅ ያለ፣ ያልተቀባባ ነው። ከማት ድምፅ ጋር ሲገጥም አንድ ቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የኖሩ ባልና ሚስት ይመስላሉ። ሁለቱም ደክሟቸዋል። ማንም ማንንም ሊያሳምን አይሞክርም።

ሌላው ሃርመኒ ነው። አጃቢው ሌላ ኖታ ይዞ ከዋናው ጋር ይስማማል። ዘፈኑን ያሳምረዋል፣ ያወፍረዋል፤ ትርጉሙን ግን እምብዛም አይነካውም። የብዙ «ፊቸሪንግ» ዘፈኖች ችግር እዚህ ላይ ነው። ስሙ ትልቅ፣ ሥራው ግን ማሳመር ብቻ። ማሳመር ነውር አይደለም። የስቱዲዮ አጃቢ ድምፃዊ ስሙ እንኳ ሳይጠራ ይህን አሳምሮ ይሠራዋል።

ሦስተኛው መልስ መስጠት ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ይህን እኛ ከሠርግ ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን። ልዩነቱ ምንድን ነው? ሠርግ ላይ ተቀባዩ በአብዛኛው የአውጪውን ሐሳብ ያጸናል። እዚህ ግን ተቀባይዋ የራሷን ሐሳብ ይዛ ትመጣለች። «ዘ ፑል ኦቭ ዩ» የሚለው ዘፈን ላይ ሊሳ ሃኒጋን እና ሻረን ቫን ኤተን አሉ። ማት መሃል ላይ መዝፈኑን ትቶ ያወራል። በቀጥታ ንግግር ነው። እነሱ በዜማ፣ እሱ በወሬ። ተጣልተው በአንድ ጊዜ የሚናገሩ ሰዎች ክፍል ውስጥ የገባችሁ ያህል ይሰማችኋል።

አራተኛው ዘፈኑን መረከብ ነው። ዶርሲ በመክፈቻው ዘፈን ያደረገችው ይህን ነው። እሷ በዚህ ሥራ የተካነች ናት። ከ1995 ጀምሮ የእንግሊዛዊው የሮክ ዘፋኝ የዴቪድ ቦዊ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበረች። «አንደር ፕሬሸር» የሚለውን ዘፈን መድረክ ላይ ከቦዊ ጋር ስትዘፍን የኩዊን ባንድ ዘፋኝ የነበረውን የፍሬዲ መርኩሪን ክፍል የምትይዘው እሷ ነበረች፤ ያውም ቤዙን እየተጫወተች። የሰው ዘፈን ውስጥ ገብቶ የራስ ማድረግ፣ ግን ባለቤቱን ሳያስወጡ። ይህ ከባድ ነገር ነው። በመክፈቻው ዘፈን ላይ ማት በጭንቀት ሲሮጥ ይቆይና እሷ ስትገባ ሩጫው ይቆማል። ከዚያ በኋላ ዘፈኑ የሚታየው በእሷ ዓይን ነው። እሷን ብታወጧት የሚቀረው ግማሽ ታሪክ ነው።

እዚህ ላይ ለአማርኛ ሰሚ ብቻ የሚሆን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እንግሊዝኛው «ዩ» ጾታ የለውም። ወንድም ሆነ ሴት «ዩ» ነው። እኛ ግን ለምንቀርበው ሰው «ጠፋህ» ወይም «ጠፋሽ» እንላለን እንጂ መሃል ላይ መቆም አንችልም። አንድ የአማርኛ ዘፈን ብዙ ጊዜ ገና በመጀመሪያው ስንኝ ለማን እንደተዘፈነ ይናገራል። እንግሊዝኛ ዘፈን ስንሰማ ታዲያ ሳናውቀው ጾታውን የምንሞላው በዘፋኙ ድምፅ ነው። ማት ሲዘፍን «አንቺ» ብለን እንሰማዋለን። ዶርሲ ስትረከበው ያው «ዩ» ወደ «አንተ» ይገለበጣል። አንድም ቃል አልተቀየረም። ተወቃሿ ወቃሽ ሆነች። የናፈቀው ሰው ተናፋቂ ሆነ። ይህን አልበም ለመተርጎም የሚነሳ ሰው ካለ በየስንኙ ቆሞ «አሁን የሚናገረው ማን ነው?» ማለት ይኖርበታል። አሜሪካዊው ሰሚ ላያስተውለው የሚችለውን መገለባበጥ የእኛ ቋንቋ አፍ አውጥቶ ይነግረናል።

«ኦብሊቪየንስ» የሚለው ዘፈን ይህን ከሁሉም በላይ ያሳያል። ስለ ትዳር ነው። ከማት ጋር የምትዘፍነው ሚና ቲንድል ፈረንሳዊት ዘፋኝ ናት፤ የብራይስ ዴስነር ባለቤት። ፍርሃቱን የሚናገረው ባልየው ይሁን ሚስትየው እርግጠኛ መሆን ያቅታችኋል። ሁለቱም ስለሚዘፍኑት ፍርሃቱ የሁለቱም ይሆናል። አንድ ሰው ብቻውን ቢዘፍነው ኖሮ እሮሮ ይሆን ነበር። ሁለት ሰው ሲዘፍነው ትዳር ሆነ።

ሁሉም ነገር ሰምሮላቸዋል ማለቴ አይደለም። አልበሙ 16 ዘፈን፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ይረዝማል። ሦስቱ ዘፈኖች የብሩክሊን ዩዝ ኮረስ የወጣቶች መዘምራን ናቸው። እንደ መሸጋገሪያ ያገለግላሉ፤ ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው፤ ግን ሁለቱ አጫጭሮች ባይኖሩ የሚጎድለኝ አይመስለኝም። ሌላ ቅሬታም አለ፣ የድሮ አፍቃሪዎቻቸው ቅሬታ። ማት የታለ? ይላሉ። እንግዳ መጣ ተብሎ የቤቱ ባለቤት ጓዳ ይገባል እንዴ? ቅሬታው ይገባኛል። «ዌር ኢዝ ኸር ሄድ» ላይ ኢቭ ኦወን ስትዘፍን ማት ዳር ላይ ነው የቆመው። ግን «ኖት ኢን ካንሳስ» የሚለውን ስሙት። ከስድስት ደቂቃ በላይ ነው። ማት ብቻውን ትዝታውን እየመዘዘ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ያወራል። ሴቶቹ አልፎ አልፎ ብቻ እንደ አዝማች ይገባሉ። ብቸኝነቱ የሚሰማችሁ እነሱ መጥተው ሲሄዱ ነው። ሁልጊዜ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ብቻውን መሆኑን ልብ አትሉትም ነበር። ጓዳ የገባው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ከአራት ዓመት በኋላ የመጣውን አልበም አጠገቡ እናስቀምጥ። ኤፕሪል 2023 ላይ «ፈርስት ቱ ፔጅስ ኦቭ ፍራንከንስታይን» ወጣ። 11 ዘፈን ነው። ማት ከመሥራቱ በፊት ድብርት ውስጥ ገብቶ ለረጅም ጊዜ መጻፍ አቅቶት ነበር፤ ይህን እራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። እዚህም ተጋባዦች አሉ። ሱፍያን ስቲቨንስ፣ ፊቢ ብሪጀርስ፣ ቴይለር ስዊፍት። ስማቸው ደግሞ በዚህ ጊዜ ከዘፈኑ ርዕስ ጎን ተጽፏል።

ይህ የአጻጻፍ ለውጥ ትንሽ ይመስላል፤ አይደለም። በስትሪሚንግ ዘመን «ፊቸሪንግ» የሚለው ጽሑፍ አድራሻ ነው። ስሙ ከተጻፈ ዘፈኑ በእንግዳው ገጽ ላይም ይታያል፣ ተከታዮቹም ያገኙታል። ሁለት አድማጭ ወገን በአንድ ዘፈን ይገናኛል። ለድምፃዊውም ፍትሐዊ ነው፤ የሠራ ሰው ስሙ ይታወቅለት። ግን ጆሯችንን ይቀይረዋል። ስሙን ቀድመን ስላነበብን ድምፁን መጠበቅ እንጀምራለን። ዶርሲን በሰማሁበት ዓይነት ድንጋጤ ሱፍያንን መስማት አልቻልኩም። ስሙን አይቼ ጠበቅኩት፤ ድምፁ ደግሞ ከኋላ ለስለስ ብሎ ያለ ነው፣ በደንብ ካላዳመጣችሁ ያመልጣችኋል። ፊቢም ሁለት ዘፈን ላይ አለች። ታምራለች። ብዙውን ጊዜ ግን ከላይ ያልኩትን የማሳመር ሥራ ነው የምትሠራው። እውነቱን ለመናገር ከ2019ኙ ጋር ሳወዳድረው ቅር አለኝ።

የቴይለር ስዊፍት ግን ይለያል። «ዘ አልኮት» የሚለውን ዘፈን አብራ ጽፋዋለች። ማት የራሱን ወገን ይናገራል፤ እሷ በስንኞቹ ክፍተት እየገባች ትመልስለታለች። አንዳንድ ቦታ ሁለቱ ድምፆች ይደራረባሉ። ማን ለማን እንደሚመልስ ለማወቅ ደግሜ መስማት ነበረብኝ። ታዋቂነቷ ለጊዜው ተረሳኝ። ከሁሉም ትልቁ ስም እዚያ አልበም ላይ ከሁሉም የበለጠውን ሥራ ሠራ። ስለዚህ «ታዋቂ ሰው ካለበት ለገበያ ነው» የሚለውም ፍርድ አይሠራም። መስማት ግድ ነው።

እኔ እንዲህ ዓይነት አልበም ሲገጥመኝ የማደርገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ስሞቹን ሳላነብ አንዴ እሰማዋለሁ። ስልኩን ኪሴ ውስጥ አድርጌ፣ በኢርፎን። የት ጋ እንደደነገጥኩ፣ የት ጋ ቀና እንዳልኩ ልብ እላለሁ። ሁለተኛውን ግጥሙን ይዤ ነው። «እኔ» የሚለው ማን ነው? «አንቺ» የምትባለውስ? ድምፅ ሲቀየር ይህ ይቀየራል ወይስ ያው ነው? ከዚያ በሐሳቤ እንግዳውን አወጣዋለሁ። ዘፈኑ ምንም ካልጎደለው ግብዣው ለጌጥ ነበር። በመጨረሻ እንግዳው ከሄደ በኋላ ያለውን ክፍል እሰማለሁ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ጥሩ እንግዳ ከሄደ በኋላ ዋናው ዘፋኝ ሲመለስ ድምፁ እንደ በፊቱ አይሰማም። ለስልሶ ወይም አፍሮ ይመለሳል። ዜማው ላይቀየር ይችላል። የእኛ ጆሮ ግን ሌላ ሰው ሰምቶ መጥቷል።

ሚክሲንጉንም አትርሱ። ሁለተኛው ድምፅ ከመጀመሪያው እኩል ከፍ ብሏል? ወይስ ከኋላ፣ ራቅ ብሎ ነው የተቀመጠው? በ2019ኙ አልበም ሴቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከማት ጋር እኩል ቆመዋል። ይህ የስቱዲዮ ውሳኔ ነው፤ አንድ ሰው ቁልፉን ከፍ አድርጎ «እሷም እዚህ ትቁም» ብሏል።

እዚህ ላይ ላቆም ስል አንድ ዘፈን ትዝ አለኝ። አሮን ዴስነር በ2020 ከቴይለር ስዊፍት ጋር «ፎክሎር»ን ሠርቶ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት የዓመቱ አልበም ተብሎ ግራሚ ወሰደ። በዚያው በ2020 ዲሴምበር ላይ «ኤቨርሞር» ሲወጣ ደግሞ «ኮኒ አይላንድ» በሚል ዘፈን ላይ ተጋባዡ ራሱ ዘ ናሽናል ሆነ። በዚህ ጊዜ የቤቱ ባለቤት እሷ ናት። እሷ ትጀምራለች፤ ሁለተኛው ክፍል ላይ ማት በወፍራም ድምፁ ይገባል። በአማርኛ ብትዘፍነው የመጀመሪያው ክፍል «አንተ» ነው፣ ሁለተኛው «አንቺ»። መጨረሻ አካባቢ አብረው ሲዘፍኑ የቱን እንደምንጽፍ አላውቅም። ምናልባት «እናንተ»፤ ምናልባትም «እኛ»።